ሞተሩ ላይ ውሃ ከማፍሰሳችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው ስለ ቀይ ጭቃና ስለ ቀይ አቧራ አስተማሪ አያስፈልገውም። ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ጥቅምትን ጨምሮ ይዘልቃል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሲያባራ አቧራው ይረከባል። ሁለቱም ላሜራው ላይ ብቻ አይቀሩም። ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ፤ ሞተሩም፣ ባትሪውም፣ ሽቦውም አንድ ዓይነት ቡናማ ነገር ለብሰዋል። በየጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ብረቶች መገጣጠሚያ መሀል ባለው ማሸጊያ) የሚያልበው ዘይት አቧራውን ይይዘዋል፣ የሞተሩ ሙቀት ይጋግረዋል፣ ከጊዜ በኋላ በጥፍር ቢፍቁት የማይለቅ ቅርፊት ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል። ላቫጆ ሄዶ "ሞተሩንም እጠብልኝ" ማለት። ልጁ ናፍጣ ይረጭበታል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ የማሽኑን ውሃ በሙሉ ኃይሉ ይለቅበታል። ሞተሩ ያበራል። አንዳንዱ መኪና በሰላም ይወጣል፣ ባለቤቱም "ይኸው፣ ምን ሆነ?" ይላል። አንዳንዱ ከላቫጆው በር ሳይርቅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አንዳንዱ በነጋታው ጠዋት አልነሳም ይላል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳት ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከወር በኋላ ሲሞት ያንን እጥበት የሚያስታውስ የለም፣ ሰውዬው ዝም ብሎ ዲናሞ ይገዛል።

የኔ አቋም ይኼ ነው፦ ሞተር የሚጸዳው በብሩሽና በጨርቅ ነው፣ ውሃ የሚያስፈልገው ሳሙናውን ለማንሳት ብቻ ነው። አንድ ትንሽ ጀሪካን ውሃና ግማሽ ቀን ካለ ሥራው እዚያው ግቢ ውስጥ ያልቃል። እንዴት እንደሚሠራ ስነግራችሁ ለምን እንደዚያ እንደሚሠራም እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም የሁላችንም መኪና አንድ ዓይነት አይደለም፤ ምክንያቱን ከያዛችሁ የራሳችሁን መኪና አይታችሁ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ከውሃው እንጀምር። ኮፈን ሥር ያለው ዕቃ ውሃ ጨርሶ አይንካኝ የሚል አይደለም። ዝናብ ውስጥ ስትነዱ ከታች ፍንጣቂ ይደርሰዋል፣ ለዚያም ተዘጋጅቷል። የሽቦ ሶኬቶቹ ውስጥ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች፣ ፍንጣቂውን የምትመልሰው እሷ ናት። የላቫጆ ማሽን ግን ከ100 ባር በላይ ግፊት ሊተፋ ይችላል። የመኪናችሁ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሁለት ባር ከምናምን ነው፤ ልዩነቱን ከዚህ ገምቱት። ያንን ግፊት ቀለበቷ አትችለውም። ውሃው ገፍቷት ይገባል፣ እሷ ተመልሳ ትዘጋለች፣ ውሃው መውጫ ያጣል። ከዚያ ቀስ እያለ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። አንድ ቀን የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል፣ መካኒኩ ሴንሰር ቀይሩ ይላል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አልሆነም፤ የተበላው ሶኬቱ ነው።

ዲናሞው ደግሞ የባሰ ነው። ራሱን የሚያቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ገላው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። በዚያ ቀዳዳ ውሃና ናፍጣ ሲገባ ካርቦኑን ያቆሽሻል፣ የኩሽኔታውን ግራሶ ያጥባል፣ ውስጡ ያሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ያበላሻል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ዲናሞውን አትርሱ። የት እንዳለ ካላወቃችሁ ቺንጋውን፣ ሞተሩ ጎን የሚዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ በዓይን ተከተሉት፤ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ነገሮች መካከል ጎኑ የተቦዳደሰው፣ ከኋላው ወፍራም ሽቦ የወጣው እሱ ነው።

ሦስተኛው ካንዴላ ነው፣ ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ነዳጅ በብልጭታ የሚያቀጣጥለው። ቪትዝ ወይም ያሪስ ወይም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 ገደማ ወዲህ የተሠራ ኮሮላ ካላችሁ፣ የላስቲክ ሽፋን ካለው አንሱና የሞተሩን አናት እዩ፤ አራት፣ አንዳንድ ቪትዝና ያሪስ ላይ ሦስት፣ ጥቁር ኮይሎች ተሰልፈው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ሥር ጣት የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ፣ ካንዴላው ያለው እታች ነው። አናቱ ላይ ውሃ ሲፈስ በኮይሉ ዙሪያ ሾልኮ እዚያ ይተኛል። ኮይሉ የሚልከው ኤሌክትሪክ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው፣ እርጥበት ካገኘ እስከ ካንዴላው ጫፍ መውረዱን ትቶ በአቋራጭ ወደ ብረቱ ይሄዳል። በቃ፣ ብልጭታ የለም። ያ ሲሊንደር ይተኛል፣ ሞተሩ በቀሩት ይሠራል፣ መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ኮይሉን ነቅላችሁ በስልክ መብራት ብታዩት ከጉድጓዱ ሥር ቡናማ ውሃ ተኝቶ፣ የካንዴላው ነጭ ሸክላ አንገት ላይ የዝገት ቀለበት ወጥቶ ታገኛላችሁ። የቆየው ኮሮላ ላይ ደግሞ ኮይሎቹ የሉም፣ በነሱ ፋንታ ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዲስትሪቢውተር አለ፤ ክዳኑ ውስጥ ጤዛ ከያዘ ያም መኪና አይነሳም። ክረምት ጠዋት ላይ የሚያስቸግሯችሁ አሮጌ መኪኖች ብዙዎቹ ችግራቸው እዚያ ነው።

አራተኛው አየር መሳቢያው ነው፣ ይኼኛው ሞተር ይገድላል። ሞተሩ አየር የሚስብበት አፍ ውስጥ ውሃ ገብቶ ሲሊንደር ከደረሰ፣ አየር ይታመቃል ውሃ ግን አይታመቅም፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ እንደ ድንጋይ ይገጥመዋል። ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ይጣመማል። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃችሁ ሞተር ማስወረድ ነው።

እንዲህ ከሆነ ለምን እንነካዋለን፣ አይተወውም ወይ የሚል ይኖራል። መተው ይቻላል፣ ብዙ መኪና ሳይጸዳ ዕድሜውን ይጨርሳል። ግን የቆሸሸ ሞተር ምንም አይነግራችሁም። ዘይት ከየት እንደሚያንጠባጥብ፣ የራዲያተር ጎማ የት ላይ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው ሽቦ እንደተላጠ ቅርፊቱ ሥር ተደብቋል። የጸዳ ሞተር ላይ አዲስ የዘይት ጠብታ በሁለት በሦስት ቀን ይታያል። መንገዳችን ደግሞ ይኼን ይፈልጋል። አዲስ አበባ ለመሄድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሀል ላይ ከአበልቲ ቁልቁል ወርዶ ጊቤን ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ ሽቅብ መውጣት አለ። ጊቤ ቆላ ነው፣ ይሞቃል፣ መኪናው ተጭኖ ሽቅብ ሲይዝ የራዲያተሩ ክንፎች በጭቃ ከተደፈኑ የሞተሩ ሙቀት ከልክ ያልፋል። ኮፈናቸውን ከፍተው ዳር የቆሙ መኪኖችን እዚያ መንገድ ላይ ያላየ የለም።

ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ በኩል ቡና ለሚያመላልስ ሰው ሌላም ነገር አለ። የቡና ገለባና ብናኝ እሞተሩ ሥር ይጠራቀማል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ ይቀመጣል። ያ ማገዶ ነው። አይጥም ይወደዋል፤ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ለጎጆ የሚሆን ገለባ፣ ጥርስ የሚስልበት ሽቦ ሁሉ አንድ ቦታ ያገኛል። ሽቦ ተበልቶ ካያችሁ ጽዳቱን አቁሙና መጀመሪያ እሱን አሠሩ፤ የተላጠ ሽቦ ላይ ውሃ አይነካም።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ቀኑን ምረጡ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ምርጥ ነው። በክረምት የግድ ካላችሁ ጠዋት ፀሐይ የወጣበትን ቀን ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው እንደሚመጣ አትጠራጠሩ፣ ሞተሩ ደግሞ መድረቂያ ሰዓት ይፈልጋል። መኪናው ሌሊቱን ያደረ ይሁን። ሞተሩ ይቀዝቅዝ ስል ለብ ያለ ማለቴ አይደለም፣ እጃችሁን ጭስ ማውጫው ብረት ላይ አድርጋችሁ የምታቆዩበት ማለቴ ነው። ትኩስ ከሆነ ሳሙናው ሳታሹት ይደርቃል፣ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል፣ እናንተም ትቃጠላላችሁ።

የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ መክፈትማ ጨርሶ አይታሰብም። ይኼ በየትም አገር ክልክል ነው፣ ጅማ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለን። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ዝም ያለው ክዳኑ አምቆ ስለያዘው ነው። ክዳኑን ስትለቁት ያ ውሃ በአንዴ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይወጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት ቁልፉን ከመኪናው አውጡና ኪሳችሁ ይግባ። አንዳንድ መኪና ላይ የራዲያተሩ ቬንትሌተር (ማራገቢያው) ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በራሱ ሊዞር ይችላል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንዘላዘለ እጅጌ፣ የአንገት ሐብል አይደረግም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ባትሪ አጠገብ ብረት ለብሶ መሥራት ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር ብታገኙ በጣም ጥሩ፤ ከታች ወደ ላይ ስትፍቁ ቆሻሻው የሚፈናጠረው ወደ ዓይን ነው። ድመት የምታድር ከሆነም ውስጥ አለመኖሯን አረጋግጡ።

ቀጥሎ ባትሪ። መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፣ የመቀነስ ምልክት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር። ምክንያቱ ይኼ ነው፦ የመኪናው ላሜራና የሞተሩ ብረት በሙሉ ከኔጌቲቭ ጋር የተገናኘ ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ብትፈቱና ቁልፉ ላሜራ ቢነካ ባትሪው በቁልፉ በኩል ሙሉ ኃይሉን ይለቃል፣ ቁልፉ ይግላል፣ ብልጭታ ይተፋል። ኔጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ግን ቁልፉ ቢነካም ምንም አይሆንም። ስትመልሱ በተቃራኒው ነው፣ ፖዘቲቭ ቀድሞ፣ ኔጌቲቭ መጨረሻ። ባትሪ ሲሞላ የሚለቀው ጋዝ ይነድዳል፣ ስለዚህ እዚያ አካባቢ ሲጋራም ክብሪትም አይኖርም። ከመፍታታችሁ በፊት ግን ሬዲዮኑ ኮድ የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ ኮዱን ያዙ፤ ሰዓቱና የሬዲዮ ጣቢያው መጥፋቱ አይቀርም።

የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካበበ ያ አሲድ የፈጠረው ነው፣ በባዶ እጅ አትንኩት፣ እፍ ብላችሁም አትንፉት። አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀቡት። ይንተከተካል፣ አረፋ ያወጣል፤ ሶዳው አሲዱን እየገደለው ነው። መንተክተኩን ሲያቆም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በደረቅ። ብጥብጡ በባትሪው የላይኛው ክዳን ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። ጫፉ ብረቱ እስኪታይ ሲጸዳ መኪናው ጠዋት ላይ በምን ዓይነት ጉልበት እንደሚነሳ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ብዙ ሰው ባትሪዬ ሞተ ብሎ አዲስ የሚገዛው ይኼን ዱቄት ሳያጸዳ ነው።

አሁን መሸፈን። ፌስታልና ስኮች ይበቃል። ዲናሞውን፣ የፊውዝ ሳጥኑን፣ ኮይሎቹን ወይም ዲስትሪቢውተሩን፣ የአየር መሳቢያውን አፍ፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን በኮፈን ሥር ከሆነ፣ ባትሪውንም ሸፍኑ። ፌስታሉ አፉ ወደ ታች ይሁን፣ ወደ ላይ ከሆነ ውሃ ይይዛል። የሞተር ዘይት ክዳን፣ የዘይት መለኪያው፣ የፍሬን ዘይት ክዳን፣ የራዲያተር ውሃ መጨመሪያው በደንብ መዘጋታቸውን በእጅ እየነካችሁ አረጋግጡ። በተለይ የፍሬን ዘይት። ውሃ የተቀላቀለበት የፍሬን ዘይት ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስንት ፌስታል እንደተጠቀማችሁ ቁጠሩ፤ ስትጨርሱ አንዱ ከቀረ ወይ ቬንትሌተሩ ይጎትተዋል ወይ ጭስ ማውጫው ላይ ይቀልጣል።

ከዚያ በደረቁ ጀምሩ። ይኼን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው፣ ግማሹ ሥራ ያለው ግን እዚህ ነው። የቀለም ብሩሽ ያዙና አቧራውን ከላይ ወደ ታች አራግፉ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ የተተከሉበትን ቦይ እዩ። ግቢያችሁ አቮካዶ ወይም ማንጎ ካለ እዚያ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል ታጭቆ ታገኛላችሁ፣ አንዳንዴም ሣር በቅሎበት። በእጅ እየዘገናችሁ አውጡት፤ ቀጥሎ በጎኑ ያለውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳ በቀጭን እንጨት ክፈቱት። ያ ቀዳዳ ሲደፈን የጅማ ዝናብ መሄጃ አጥቶ ወደ ጋቢናው ይገባል፣ ምንጣፉ ይርሳል፣ መኪናው ይሸታል፣ ሰው ደግሞ የበር ጎማ ሲቀይር ይከርማል።

ጎሚስታ ቤት ቅርብ ከሆነ ደረቁን አቧራ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቻላል፣ ግን ከክንድ ርቀት፣ ሶኬቶቹ ላይ አፍንጫውን ሳትደቅኑ። ቬንትሌተሩን በአየር አታሽከርክሩት፣ የራሱን ትንሽ ሞተር ይጎዳዋል። ራዲያተሩ ፊት ያሉት ቀጫጭን ክንፎች በጥፍር ይታጠፋሉ፤ ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ በክንፎቹ አቅጣጫ ብቻ፣ ሳትጫኑ ጥረጉ። ጭቃው ከደረቀ ትንሽ ውሃ ነክሮ ማቆየት ይረዳል። እዚህ መቸኮል የለም።

ሳሙናውን በተመለከተ። ቤንዚን አይሆንም፣ ነጥብ። የቤንዚን ትነት በጅማ ብርድም በጊቤ ሙቀትም ይቀጣጠላል፣ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ ያለ እሳት ጋ ይደርሳል። እኛ አገር ደግሞ ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይያያዛል። ናፍጣና ነጭ ጋዝ እንደ ቤንዚን ፈጥነው አይያያዙም፤ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ የቀሩ ከሆነ ግን ይጨሳሉ፣ ይነድዳሉም። ከዚህ በተረፈ ጎማ ይበላሉ። ቺንጋውን፣ የራዲያተር ጎማዎቹን፣ የሞተር ማቀፊያ ጎማዎቹን ያሳብጣሉ፣ ያላሽቃሉ። ናፍጣ የነካው ቺንጋ መጀመሪያ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ይንሸራተታል፣ መጨረሻ ላይ ይበጠሳል። በረኪናም አይሆንም፣ አልሙኒየሙንና ሽቦውን ይበላል። አልሙኒየሙን የሚያጠቁር የፍሳሽ ቱቦ መክፈቻ ኬሚካልም አለ፣ እሱንም ራቁት።

የሚበቃው ተራ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው፣ ላርጎ እንኳ ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጉና በጥብጡት። ለቅርፊቱ በውሃ የሚሟሟ የሞተር ማጽጃ መለዋወጫ ሱቅ ካገኛችሁ ግዙ፣ ጠርሙሱ ላይ ለጎማና ለአልሙኒየም እንደማይጎዳ የተጻፈበትን። ሳሙናውን ሞተሩ ላይ አታፍስሱት፤ ብሩሹን ነክራችሁ ቀቡት። አምስት ደቂቃ ገደማ ይቆይ፣ አይድረቅ። ከዚያ እሹ። ለሰፊው ቦታ የቀለም ብሩሽ፣ ለጠባቡ የጥርስ ብሩሽ፣ ለቅርፊቱ የእንጨት ቁራጭ። ካቻቢቴ አትጠቀሙ፣ ጎማ ይቀድዳል። ቺንጋው ላይ ምንም ነገር አትቀቡ። የኮፈኑ ሆድ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ንጣፍ ውሃ ይጠጣል፣ እሱን በደረቅ ብሩሽ ብቻ አራግፉት።

ለማለቅለቅ የሚረጭ ጠርሙስ ከሁሉም ይሻላል። ከሌለ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በሚስማር ብሱት፣ ጥሩ መርጫ ይሆናል። ትንሽ ክፍል ለቅለቅ፣ ወዲያው በጨርቅ ጠረግ፣ ወደ ሚቀጥለው። ሶኬትና ሽቦ ያለበት አካባቢ ላይ ውሃ እንኳ አያስፈልግም፣ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ጠቅላላው አምስት ሊትር አይሞላም። እየሠራችሁ ሳላችሁ ሞተሩ አልተነሳም፣ ባትሪው አልተሰካም፤ ሞተር አስነስተው ውሃ ቢረጩ ሽቦው ይደርቃል የሚሉ አሉ፣ አትስሟቸው። የሚዞር ቺንጋና ቬንትሌተር አጠገብ እጅ ማስገባት ነው የሚሆነው፣ አየር መሳቢያውም በዚያ ሰዓት እየሳበ ነው።

የወረደው ውሃ ዘይት ነው። መኪናውን ከጉድጓድ ውሃና ከጓሮ አትክልት አርቃችሁ አቁሙት፣ ሥሩ አሮጌ ካርቶንና ጨርቅ አንጥፉ፣ የሚጠጣውን ይጠጣ። ወንዝ ዳር ወስዶ ማጠብማ አይደረግም። አዌቱ ከተማውን መሀል ለመሀል አቋርጦ የሚሄድ ወንዝ ነው፣ ከታች ያለው ሰው ልብስ ያጥብበታል፣ ከብት ያጠጣበታል። ካርቶኑን ከሰል ማያያዣ አታድርጉት፣ ጭሱ መርዝ ነው።

ማድረቅ ላይ አትቸኩሉ። ፌስታሎቹን አንሱ፣ ቁጥሩ መሙላቱን እዩ፣ ደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ ያገኛችሁትን ውሃ ሁሉ ጥረጉ። ኮፈኑን ክፍት አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉት። ኮይሎቹ አካባቢ ውሃ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አንድ በአንድ ነቅላችሁ ጉድጓዱን በመብራት እዩ፣ ካለ ካንዴላውን ሳትፈቱ በጨርቅ በተጠቀለለ ቀጭን እንጨት አውጡት። ካንዴላውን ቀድማችሁ ብትፈቱ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል።

ሁሉም ሲደርቅ ባትሪውን ግጠሙ፣ ፖዘቲቭ ቀድሞ፣ ረሳነው እንዳትሉኝ። አስነሱና ኮፈኑ እንደተከፈተ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሥራ። ሜዳ ላይ ይሁን፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ጭስ ሰው ይገድላል። ባትሪው ተፈትቶ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን እያስተካከለ ነው። ከተንቀጠቀጠና መብራት ከበራ ግን አጥፉና ኮይሎቹን ድጋሚ አድርቁ። አልነሳም ካለ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ደጋግማችሁ አታስጮኹት፣ እሱንም ታቃጥሉታላችሁ፣ ባትሪውንም ትጨርሳላችሁ። አንድ ሰዓት ፀሐይ ጨምሩለት።

ማስዋብ ለምትፈልጉ፣ ላስቲኮቹንና ጎማዎቹን በውሃ የተሠራ የፕላስቲክ ማሳመሪያ በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ትርፉን ጥረጉ። ዘይትነት ያለው ማብረቂያ በጅማ አቧራ ሳምንት ሳይሞላው ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል። ቺንጋ፣ ጭስ ማውጫና የሚሽከረከር ነገር ሁሉ አይቀባም። የምግብ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ሲሞቅ ይሸታል፣ አይጥ ይጠራል፣ ይቅር።

እዚህ ላይ ለገዢዎች አንድ ነገር። ያገለገለ መኪና ልታዩ ስትሄዱ ደላላው ሞተሩን ታጥቦና ተቀብቶ ካሳያችሁ ውበቱን አትዩ። ዘይት የሚያፈስ ሞተር ታጥቦ የሚቀርበው ለዚያው ቀን ነው። ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ፣ ወይም ረጅም መንገድ ንዱትና ከሥር እዩት።

ሌላው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እየበዙ መጥተዋል። በነሱና በሃይብሪድ መኪኖች ላይ እስካሁን ያልኩት ግማሹ አይሠራም። ኮፈን ሥር ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ ያ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማል፣ ሰው ይገድላል። አትፍቱት፣ አትርጩበት፣ አትጎትቱት። በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ የላይ የላዩን አቧራ ጥረጉ፣ ሌላው የባለሙያ ሥራ ነው።

ከጽዳቱ በኋላ አንድ ሳምንት እንደ ወትሮው ንዱ፣ ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱና ያያችሁትን አንብቡ፤ ማታ የቆመበት ሥርም ካርቶን አንጥፉ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ከተንጠባጠበ የኤሲው ነው፣ ጤነኛ ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር የሞተር ዘይት ከአናቱ ክዳን ዙሪያ ካላበ ጓርኒሲዮኑ አርጅቷል፣ አያስደነግጥም ግን ይቀየር። አረንጓዴ ወይም ሮዝ፣ ሲደርቅ ነጭ ነገር የሚተው ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው፣ ጊቤን ከማሰባችሁ በፊት ጎማዎቹን አስፈትሹ። ቀይ ከሆነ የመሪ ወይም የካምቢዮ ዘይት ሊሆን ይችላል። ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ፈሳሽ ከፍሬን ዘይት መያዣው ሥር ወይም ከጎማዎቹ ውስጥ በኩል ካገኛችሁ ግን መኪናው ካለበት ንቅንቅ አይበል፤ መካኒኩ እናንተ ዘንድ ይምጣ።